በሙቀጫው አጠገብ የተማርኩት ታይኛ

የመጀመሪያው የታይኛ ደብተሬ እስካሁን አለ። ሽፋኑ በባንኮክ ዝናብ ርሶ፣ ደርቆ፣ እንደገና ርሶ ተሸብሽቧል። በሦስተኛው ገጽ ላይ «ማይ» የሚል ቃል አምስት ጊዜ፣ አንዱ ከአንዱ ሥር ተጽፏል። ከጎናቸው ትርጉማቸው አለ፤ «አይደለም»፣ «አዲስ»፣ «እንጨት»፣ «ሐር»፤ አምስተኛው በዐረፍተ ነገር መጨረሻ እየገባ ንግግሩን ጥያቄ የሚያደርግ ቃል ነው። አምስቱንም በፊደላችን አንድ ዓይነት አድርጌ ጽፌአቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ አንድ ዓይነት ሆነው ነበርና የሚሰሙኝ።

ዕድሜዬ አርባ አንድ ነበር። ወደ ባንኮክ ያመጣኝ ኦፓል ነው። ወሎ ውስጥ፣ በደላንታ ወገል ጤና አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ኦፓል ከተገኘ ወዲህ የዚያን አካባቢ ድንጋይ የዓለም ገበያ ያውቀዋል። የከበሩ ድንጋዮች ተጠርበውና ተወልውለው ለዓለም ከሚሸጡባቸው ከተሞች ደግሞ ባንኮክ ከቀዳሚዎቹ አንዷ ናት። ነጋዴው በሲሎም እና በማሄሳክ መንገድ ዙሪያ ይውላል። በሳምንቱ መጨረሻ ብዙው ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ቻንታቡሪ ይወርዳል። እዚያ ገዢው ጠረጴዛ ተከራይቶ ይቀመጣል፤ ሻጩና ደላላው ድንጋዩን በወረቀት ጠቅልለው እየዞሩ ያሳዩታል። እኔም ከሚዞሩት አንዱ ሆንኩ።

በእንግሊዝኛ የተወሰነ ያህል መሥራት ይቻላል። አንድ ቀን ግን በስልክ አንዲት ትልቅ ገዢ ያረፍኩበት ቦታ ቅርብ ይሁን ሩቅ ጠየቁኝ። ቅርብ ነበርኩ፤ በእግር አምስት ደቂቃ። «ክላይ» አልኳቸው። በታይኛ «ቅርብ»ም «ክላይ» ነው፣ «ሩቅ»ም «ክላይ» ነው፤ ልዩነቱ ድምፁ ላይ ብቻ ነው። ለቅርቡ ድምፁ ከላይ ተነሥቶ ይወድቃል፤ ለሩቁ ዝርግ ሆኖ ይቀራል። እኔ ዝርግ አድርጌ አልኩት። ሴትየዋ በትሕትና «እንግዲያው ሌላ ጊዜ» ብለው ስልኩን ዘጉ፤ የዚያን ቀን ገንዘባቸውም ሌላ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ምን እንደሆነ የገባኝ ማታ ነው። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ታይኛን እንደ ሥራዬ አድርጌ ያዝኩት።

ዛሬ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ብዙ የሀገሬ ሰዎች ለንግድ፣ ለሕክምና፣ ለትምህርት ወደዚህ ሲመጡ «ይህ ቋንቋ ለትልቅ ሰው አይሆንም» ሲሉ እሰማለሁ። ይሆናል። መንገዱ ግን እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት አልነበረም። ሁለት ዓመት የፈጀሁት ታይኛን በእንግሊዝኛ በኩል አዙሬ ለመድረስ ስሞክር ነው። ያተረፍኩት ጆሮዬን ካስቀደምኩና ከአማርኛዬ መነሣት ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ስለ ጆሮ ልጀምር። ታይኛ አምስት የድምፅ አወጣጥ አለው፤ ዝርግ፣ ዝቅ ያለ፣ ወዳቂ፣ ከፍ ያለ እና ከታች የሚነሣ። መጻሕፍቱ ይህንን በመስመር ሥለው ያሳያሉ። ሥዕሉን ማጥናት ግን ዋና በወረቀት ላይ እንደመማር ነው። «ዋና» ስል ደግሞ እናንተ ያለ ችግር አነበባችሁት፤ መዋኘቱን እንጂ ዋነኛውን አላሰባችሁም። አንዱ ይጠብቃል፣ አንዱ ይላላል፣ አጻጻፉ አንድ ነው። ገና የሚከበረው ገና እና ገና ያልመጣው ገናም እንዲሁ ናቸው። አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው ይህንን ልዩነት ለመስማት ወራት ይፈጅበታል፤ እኛ ግን እንዴት እንደምንሰማው እንኳ አናውቅም። ጆሮ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያስፈልገውን እየለየ፣ የማያስፈልገውን እየጣለ ያድጋል። የእኔ ጆሮ ጥብቀትን ሲይዝ የድምፅ መውጣትና መውረድን ለጥያቄና ለግርምት ብቻ ትቶት ነበር። «መጣ» ብለን መጨረሻውን ከፍ ስናደርገው «መጣ?» ይሆናል። ታይኛ ላይ ይህ ልማድ ትልቅ ጠላት ነው፤ ስትጠይቅ መጨረሻውን ከፍ ካደረግህ የመጨረሻው ቃል ተለውጦ ሌላ ቃል ይሆናል። ጥያቄህን ቃሉ ይሸከምልሃል፣ ድምፅህ አርፎ ይቀመጥ። ይህንን ለመልመድ ከማንኛውም ሰዋስው ይልቅ ብዙ ደከምኩ።

ያስተማሩኝ ከምኖርበት መንደር መግቢያ ላይ ሶም ታም የሚሸጡ ሴት ናቸው። ሶም ታም ያልበሰለ ፓፓያ ተከትፎ፣ ከቃሪያ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከሎሚ ጋር በሙቀጫ እየተወቀጠ የሚሠራ ምግብ ነው። ሴትየዋን ሁሉም «ፓ» ይላቸዋል፤ ከወላጅ በዕድሜ የምትበልጥ አክስት ማለት ነው። እኔም ፓ እላቸዋለሁ። አንድ ማታ አጠገባቸው የሚተኛውን ውሻ እያየሁ ስሙን ለማለት ሞከርኩ፤ «ማ» አልኩ። ፓ ዘነዘናቸውን እንደያዙ ቆሙ። «ማ» አሉ፣ ዘነዘናውን በአየር ላይ ዝርግ አድርገው ወደ ራሳቸው እየሳቡ፤ ና ማለት ነው። ቀጥለው «ማ» አሉ፣ ዘነዘናውን ከፍ አድርገው ይዘው፤ ፈረስ ነው። ሦስተኛውን «ማ» ሲሉ ዘነዘናውን ከሙቀጫው ጠርዝ አስነሥተው ወደ ላይ ሳቡትና በጫፉ ውሻውን ጠቆሙ። ከዚያ ዘነዘናውን ለእኔ ሰጡኝ። የሎሚና የዓሣ መረቅ ሽታ ያለበትን እንጨት ይዤ፣ ደንበኞች በሰልፍ ቆመው እየጠበቁ፣ ና እና ፈረስ እና ውሻ አልኩ። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ድምፅ በክንድ ሊያዝ እንደሚችል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ እስከ ዛሬም አዲስ ቃል ሲገጥመኝ እጄ ሳላስበው ይንቀሳቀሳል።

ሆኖም ከፓ አፍ ብቻ መስማት አልበቃኝም። ከፓ የምሰማውን ቃል ሞተር ሳይክል የሚነዳው ጎረቤቴ ሲለው አላውቀውም ነበር። በአንድ አስተማሪ ብቻ የተገራ ጆሮ የሰውየውን ድምፅ እንጂ ቋንቋውን አይዝም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ ጥናት ይህንን ያጸናል፤ የቻይንኛን የድምፅ አወጣጥ የማይለዩ አዋቂ አሜሪካውያን የብዙ ተናጋሪዎችን ድምፅ እየሰሙ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስምንት ጊዜ ሠልጥነው የመለየት ችሎታቸው በግልጽ ጨመረ፤ ከስድስት ወር በኋላም አብሯቸው ነበር። ያ ለቻይንኛ ነው፤ እኔ ግን በታይኛ ሞከርኩት። ፈቃዳቸውን እየጠየቅሁ አምስቱን «ማይ» የፓን፣ የጎረቤቴን፣ የሕንጻችንን ሽማግሌ ጠባቂ እና የአንዲት ወጣት የሱቅ ሠራተኛን ድምፅ በስልኬ ቀዳሁ። ማታ ማታ ቅደም ተከተላቸውን እያቀላቀልኩ የትኛው የትኛው እንደሆነ እጽፍ ነበር፤ ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ አይደለም፣ የደከመ ጆሮ ይዋሻልና። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ምሽት «አዲስ» እና «እንጨት» ተለያዩልኝ። እንደ መጋረጃ መከፈት ነበር፤ ከዚያ በኋላ አንድ ናቸው ብዬ ልሰማቸው ብፈልግ እንኳ አልችልም።

ማዳመጥን በማስቀደም ረገድ ባንኮክ የራሷ ታሪክ አላት። ጄ. ማርቪን ብራውን የተባለ አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር ኤዩኤ በሚባለው የቋንቋ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ባስኬደው ትምህርት ሁለት አስተማሪዎች በተማሪዎች ፊት እየተጨዋወቱ፣ በእጅም በሥዕልም እያሳዩ ያወራሉ፤ ተማሪው ለመቶዎች ሰዓት ሳይናገር ይሰማል። ልጅ እንደዚያ አይደለም ወይ የሚማረው የሚል ሐሳብ ነው። ግማሹን ወስጄዋለሁ። ጆሮ ከአፍ መቅደሙ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ነገ ቅዳሜ ቻንታቡሪ ወርጄ የምከራከር ሰው ስድስት መቶ ሰዓት ዝም ልል አልችልም። ስለዚህ ገበያ ላይ የምናገረው ጥቂት ነገር ነበረኝ፣ ከዚያ ውጭ ያለው ጊዜ ሁሉ የጆሮ ነበር። በከተማው ባቡር ስሄድ እንኳ «ሳታኒ ቶ ፓይ» የሚለውን ድምፅ እጠብቅ ነበር፤ ቀጣዩ ጣቢያ ማለት ነው። ሳላ ዴንግ፣ ቾንግ ኖንሲ፣ ሱራሳክ። ጣቢያ የምትጠራዋ ያቺ ሴት በየቀኑ ያንኑ ቃል በዚያው ድምፅ ትደግምልኛለች፤ አትሰለችም፣ አትቸኩልም። «ዴንግ» ቀይ መሆኑን ያወቅሁት ጣቢያው ላይ ነው፤ ቀይ ድንጋይ በእጄ ሲገባ ቃሉ ቀድሞኝ ተገኘ።

አሁን ወደ ደብተሬ ልመለስ፤ ትልቁ ስሕተቴ እሱ ነውና። ፊደላችንን እወዳለሁ፣ ለታይኛ ግን አይበቃም። የታይ ልጆች ፊደል የሚቆጥሩት ለእያንዳንዱ ፊደል የአንድ ነገር ስም እየሰጡ በዜማ ነው። የመጀመሪያው ፊደል የዶሮ ይባላል፣ «ኮ ካይ»። ሁለተኛው የእንቁላል ነው፤ እሱም በእኛ አጻጻፍ «ኮ ካይ» ነው። ዶሮና እንቁላል በደብተሬ ላይ አንድ ሆነው ነበር! የእንቁላሉ «ከ» ትንፋሽ አለው፤ ወረቀት አፍህ ፊት ብትይዝ ወረቀቱ ይነቃነቃል። የዶሮው «ከ» ትንፋሽ የለውም፤ ወረቀቱ ዝም ይላል። እኛ ትንፋሹን ለማጥፋት ስንሞክር «ቀ» ይወጣብናል፣ እሱም አይደለም፤ ጉሮሮ ሳይቋጠር፣ ትንፋሽም ሳያመልጥ፣ በ«ከ» እና በ«ገ» መካከል ያለውን ቦታ መፈለግ ነው። «ተ» እና «ፐ» ላይም ይኸው ነው። አንድ ወር ሙሉ የደረሰኝ አፌ ፊት ይዤ ሠራሁ፤ የገበያ ደረሰኝ ቀጭን ስለሆነ ለዚህ ይመቻል።

ስለዚህ ለአዋቂ ተማሪ ያለ ማመንታት የምለው አንድ ነገር ቢኖር ጽሕፈቱን በመጀመሪያዎቹ ወራት ተማር ነው። ብዙዎች «መናገር ይበቃኛል» ይላሉ። የታይኛ ጽሕፈት ግን የድምፁን አወጣጥ በውስጡ ይዟል። ተናባቢዎቹ 44 ናቸው፤ 9ኙ መካከለኛ፣ 11ዱ ከፍተኛ፣ 24ቱ ዝቅተኛ በሚባሉ ክፍሎች ይመደባሉ። የፊደሉ ክፍል፣ የአናባቢው ርዝመት፣ የቃሉ መጨረሻና በላዩ ያለው ምልክት ተደምረው ድምፁ እንዴት እንደሚወጣ ይነግሩሃል። «ቅርብ» እና «ሩቅ» በታይ ፊደል ሲጻፉ አይመሳሰሉም፤ የአናባቢያቸው ምልክት የተለያየ ነው፣ የቅርቡ ላይ ደግሞ የድምፅ ምልክት ተቀምጧል። ያንን ባየሁ ጊዜ ከዚያ የስልክ ቀን በፊት ለምን አልተማርኩም ብዬ ከልቤ አዘንኩ።

ለእኛ ደግሞ ይህ ጽሕፈት ባዕድ አይደለም። አናባቢው ከተናባቢው ላይ፣ ታች፣ ፊትና ኋላ ይቀጠላል፤ ፊደልን በእግሩና በክንዱ የሚለይ ሰው ይህ አይከብደውም። የሚያስገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ታይኛ «ሰ» ለሚለው ድምፅ አራት ፊደል አለው፣ ትንፋሽ ላለው «ተ» ስድስት። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ተማሪ ይህንን ሲያይ ያማርራል። እኛ «ሀ፣ ሐ፣ ኀ»፣ «ሠ» እና «ሰ»፣ «ጸ» እና «ፀ» ይዘን ያደግን ነን። ምክንያቱም ተመሳሳይ ነው፤ የእኛ ሞክሼዎች ግእዝ ያወረሰን ናቸው፣ የእነርሱ ከፓሊና ከሳንስክሪት የመጡ ቃላትን አጻጻፍ ጠብቀው የያዙ ናቸው። ሠርግን በንጉሡ «ሠ» እንድጽፍ የተቆጡኝን መምህሬን እያስታወስኩ፣ አንድ ቃል በየትኛው «ሰ» እንደሚጻፍ በትዕግሥት አጠናሁ። በቃላት መካከል ክፍተት አለመኖሩ ከብዶኝ ነበር፤ ሁለት ነጥባችንን ናፈቅሁ። የምግብ ዝርዝርና የሱቅ ማስታወቂያ በማንበብ ዓይኔ ለመደ።

ከአማርኛ መነሣት ስል ጽሕፈቱን ብቻ ማለቴ አይደለም። መማሪያ መጻሕፍቱ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ስለተጻፉ እንግዳ የሚሉት ነገር ብዙ ጊዜ ለእኛ ቤተኛ ነው። ሰዓቱን ውሰዱ። የታይ ሰዎች በንግግራቸው የምሽቱን ሰዓት ከፀሐይ መጥለቅ ጀምረው ይቆጥራሉ፤ «ሳም ቱም» ሦስት ቱም ማለት ነው፣ በእኛም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። እንግሊዛዊው ስድስት ሲደምር እኔ ምንም አልደምርም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንለያያለን፣ እነርሱ እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ፤ ለነጋዴ ግን ያ ሰዓት አያስፈልገውም። ቁጥራቸው ለዐሥር ሺህ የራሱ ቃል አለው፤ «ሙን»። መጻሕፍቱ ይህንን ለማስረዳት ግማሽ ገጽ ይፈጃሉ። እኔ ደብተሬ ላይ «እልፍ» ብዬ ጻፍኩ፤ አለቀ። ዋጋ ሲጠሩ «ሦስት ሙን» ካሉ ሦስት እልፍ ነው፤ ሠላሳ ሺህ።

«ገባኝ» ለማለት «ካዎ ጃይ» ይላሉ፤ ካዎ መግባት ነው፣ ጃይ ልብ ነው። ነገር በእኛም ይገባል፣ በእነርሱም ይገባል፣ እነርሱ የሚገባበትን ቤት ጨምረው ይጠሩታል። ሰው ሲገናኙ «ኪን ካዎ ሩ ያንግ» ይሉታል፤ ሩዝ በልተሃል ወይስ ገና ነህ ማለት ነው። ሩዙ ማንኛውም ምግብ ነው፤ «እህል ቀምሰሃል?» ብለን እንደምንጠይቀው። ታላቅን «ፒ»፣ ታናሽን «ኖንግ»፣ ከወላጅ በዕድሜ የሚበልጠውን አጎት «ሉንግ» ይሉታል፤ የማያውቁትን ሰው ጭምር። ጋሼና እትዬ ሲል ያደገ ሰው እዚህ አይደናገርም። እንግሊዝኛ ቀጥተኛ አቻ ያጣለት «ክሬንግ ጃይ» የሚሉት ነገር አለ፤ ሌላውን ላለማስቸገር፣ ላለማሳፈር ብሎ ራስን መያዝ። እኔ ይሉኝታን ስለማውቅ ብዙው ነገር ወዲያው ገባኝ፤ ልክ አንድ ባይሆኑም ዘመዳሞች ናቸው።

ይህ ይሉኝታ ለተማሪ ፈተና እንደሚሆን መናገር አለብኝ። የታይ ሰው ስትሳሳት አያርምህም። ፈገግ ይላል፣ ወደ እንግሊዝኛ ይሸጋገርልሃል፣ «ጎበዝ ነህ» ይልሃል። ሁለት ዓመት ሙሉ ጎበዝ ነህ እየተባልኩ ስሕተቴን ስደግም ኖሬአለሁ። የሚያርምህ ሰው ፈልግ፤ ከአንተ በዕድሜ የሚበልጥ ቢሆን ይመረጣል፣ ታላቅ ታናሹን ለማረም ይሉኝታው ይቀንሳልና። ፓን «እባክዎ እንደ ልጅዎ አርሙኝ» ብዬ በግልጽ ለመንኳቸው። ከዚያ ቀን በኋላ አላዘኑልኝም።

የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ቋንቋ ሲያስተምር ቋንቋዎችን በክብደታቸው ይመድባል። ታይኛ 1100 የክፍል ሰዓት ከሚፈጁት ከባድ ቋንቋዎች መካከል ነው። በዚያው ምድብ ውስጥ አማርኛም አለ። ያንን ዝርዝር ሳየው ደስ አለኝ። እኔ እኮ አንዱን ከባድ ቋንቋ ያለ ክፍያ ከእናቴ ጉልበት ሥር ተቀብዬዋለሁ! የሰዓቱ ስሌት የተሠራው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው፤ ከደሴ የተነሣ ሰው የሚሄደው መንገድ ሌላ ነው፣ አንዳንዱ አቀበት ይረዝምበታል፣ አንዳንዱን ሳያውቀው አልፎታል።

ፓ ሶም ታም ሲሠሩ ሁልጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁት አንድ ነገር አለ፤ «ፕሪክ ኪ ሜት?» ቃሪያ ስንት ፍሬ ላድርግ ማለት ነው። ታይኛ ነገርን ሲቆጥር ለሰው፣ ለእንስሳ፣ ለመኪና፣ ለክብ ነገር የተለያየ መቁጠሪያ ቃል ይጠቀማል፤ ተማሪ ሁሉ የሚማረርበት ነው። እኛም ግን ነጭ ሽንኩርትን በራስ፣ ሙዝን በዘለላ፣ በሬን በጥማድ እንቆጥራለን። «ሜት» የቃሪያ ነው፣ የክኒን ነው፣ የዘር ነው፤ ፍሬ ብዬ ተረጎምኩት። አንድ ቅዳሜ ቻንታቡሪ ላይ ወረቀቴን ፈትቼ ኦፓሎቹን ስዘረጋ ገዢው ቀና ሳይል «ኪ ሜት?» አለ። ስንት ፍሬ ነው? ደላንታ ላይም ድንጋዩን ሲቀበሉኝ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነበር። «ሲፕ ሶንግ ሜት ክራፕ» አልኩት፤ ዐሥራ ሁለት ፍሬ። ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ፤ ውኃ ነክቶት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ የወሎ ኦፓል ውኃ እንደሚጠጣና መልኩ እንደሚለወጥ የሚያውቅ ሰው ነበር። አልነካውም አልኩት። «አይደለም» የሚለውን ማይ፣ ከላይ የሚወድቀውን፣ በትክክል አልኩት። እንግሊዝኛ ያልገባበት የመጀመሪያው ሽያጬ ነው።

ያንን ማታ ባንኮክ ስገባ ሦስት ቱም ነበር። ፓ ዕቃቸውን እያጠቡ አገኘኋቸው። ነገርኳቸው፤ ዘነዘናውን ጣል አድርገው በእርጥብ እጃቸው ክንዴን ያዙኝ። ከዚያ ድስቱ ሥር ከቀሩት ትንንሽ ቀይ ቃሪያዎች አንዱን አንሥተው በሀገሬ ምን እንደሚባል ጠየቁኝ።

«ሚጥሚጣ» አልኩ።

«ሚሚታ» አሉ ፓ። በታይኛ የቃል መጨረሻ ላይ ያለ «ት» አይፈነዳም፣ ከምላስ ሥር ይቀራል፤ «ጥ» ደግሞ ከነጭራሹ የለም።

ከኪሴ የገበያ ደረሰኝ አውጥቼ አፌ ፊት ያዝኩና «ጥ» አልኩ። ወረቀቱ አልተነቃነቀም። ጉሮሮዬን በጣቴ አሳየኋቸው። ፓ ደረሰኙን ተቀብለው አፋቸው ፊት ያዙ።